«ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል»

የምክር ዓምድ

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። ዘጠኝ ዓመት በቤሩትና በሪያድ በሰው ቤት ሠርቼ ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ወደ ደሴ ተመለስኩ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ባንክ ያለኝን ገንዘብ መጠን መጻፍ አልፈልግም። አንድ አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት ለመክፈትና የእናቴን ቤት ለማደስ ይበቃል፤ ከዚያ ብዙም አይተርፍም።

ከመጣሁ ጀምሮ ግን ሰላም የለኝም። ወንድሜ ባጃጅ እንድገዛለት ይፈልጋል። የአክስቴ ልጅ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሄድ ነው፤ ለደላላው ከሚከፈለው ግማሹን እንድሸፍን አክስቴ እያለቀሰች ለምናኛለች። በደብራችን ለሕንፃ ሥራ ገንዘብ በተሰበሰበ ዕለት ስሜ በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ‹ከአረብ አገር የመጣች እህታችን› ተባልኩ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ መቶ ሺህ ብር ብዬ ቃል ገባሁ። እልልታው ቀለጠ፤ እኔ ግን ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእናቴ ቤት ጣሪያ ያፈሳል፤ ክረምት በገባ ቁጥር ባልዲና ሳፋ ደርድረን ነው የምናድረው።

እናቴን የምታግዝ አንዲት ልጅ ከደላንታ አስመጥቼ ቀጥሬያለሁ። እሷ እንኳ ወር በደረሰ ቁጥር ደመወዜ ስትለኝ ያናድደኛል፤ የሁለት ወሩን አንድ ላይ እሰጥሻለሁ ብያታለሁ። እናቴ ደግሞ ‹ገንዘብሽን ደብቂ፣ ክፉ ቀን አይታወቅም› ትለኛለች። አሁን አሁን በሬን ዘግቼ መዋል ጀምሬያለሁ። በጦርነቱ ጊዜ ባንክ ተዘግቶ የምልከው ገንዘብ አልደርስ ሲል ለእናቴ ዱቄት ያካፈለቻት ሙስሊም ጎረቤታችን ቤት እንኳ ከመጣሁ አንድ ቀን ብቻ ነው የሄድኩት።

ወንጌል ‹ለሚለምንህ ስጥ› ይላል። እኔ ግን የሚለምነኝን ሰው እየጠላሁ ነው። ስስታም ሆኜ ነው? ለራሴ ማስቀረቴስ ኃጢአት ነው? እባክዎ ይምከሩኝ።

ሁሉም የሚጠይቃት፣ ከደሴ»

እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ።

ስስታም ብትሆኚ ኖሮ በመቶ ሺህ ብሩ እንቅልፍ አታጪም ነበር። ቃሉን ለእልልታው፣ ገንዘቡን ለራስሽ አድርገሽ ደህና ትተኚ ነበር። ይህን ጥያቄ እዚሁ እንዝጋው። ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ወንድምሽን፣ የአክስትሽን ልጅ፣ የሕንፃ ኮሚቴውንና የቤት ሠራተኛሽን ሁሉ በአንድ ዓይን አይተሻቸዋል። ከእነዚህ መካከል ስጦታ የሚለምንሽ አለ፤ የራሱን ገንዘብ የሚጠይቅሽ አለ፤ ሳያውቀው በገዛ ጥፋቱ እንድታግዢው የሚፈልግ አለ። ጎረቤታችሁ ደግሞ ጭራሽ ምንም አልጠየቀችሽም፤ በሩ ግን በእሷም ላይ ተዘግቷል። ይህን ሳትለዪ «ስንት ልስጥ፣ ስንት ላስቀር» ብትዪ ሒሳቡ አይመጣልሽም።

ብዙ ካላሰብሽባት ልጀምር፤ ከደላንታዋ ልጅ።

ስለ እሷ የጻፍሽው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን የደብዳቤሽ ከባዱ ቦታ እሱ ነው። «የሁለት ወሩን አንድ ላይ እሰጥሻለሁ።» ይህን ቃል አንቺ በዐረብኛ ሰምተሽው እንደሆነ አላውቅም፤ ቤሩትና ሪያድ የሠሩ ብዙ እህቶቻችን ግን ሰምተውታል። ሁለት ወር ሦስት ሲሆን፣ ሦስቱ ዓመት ሲሆን ያዩም አሉ። ወር በደረሰ ቁጥር ቃሉን ጉሮሯቸው ላይ ይዘው፣ ዛሬ ልንገራት ወይስ ነገ እያሉ፣ የእመቤቲቱን ፊት ሲያጠኑ የከረሙ ናቸው። ያቺ ልጅ ዛሬ ፊትሽን ታጠናለች። ምናልባት ወገል ጤና ወይም ከዚያ ወዲያ ባለ ቀበሌ አንዲት እናት የልጇን ብር ትጠብቃለች፤ ልክ ያንቺ እናት ካንቺ እንደምትጠብቀው።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ጉዳይ ላይ ለስላሳ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የደሀውን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ስጠው ይላል፤ ልቡ እሱን ይጠብቃልና። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የተቀማ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፣ ጩኸቱም በጸባዖት ጆሮ ገብቷል ይላል። አስተውይ፤ ያዕቆብ የሚወቅሳቸው ባለጠጎች ምጽዋት አልሰጡም ተብለው አልተከሰሱም። የሠሩላቸውን ሰዎች ሒሳብ ነው የያዙት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንብበሽ እንደጨረስሽ የቀረውን ደመወዟን ቁጠሪና በእጇ አስቀምጪላት። ከዚያ ወዲህ የምትከፍዪበትን ቀን ቁረጪና ሳትጠይቅሽ ስጫት። ስለ ልግስና ከዚያ በኋላ እናወራለን፤ ዕዳ ሳይከፈል የሚሰጥ ስጦታ በሰው ገንዘብ ነውና። የልጅቱን ዕድሜ አልጻፍሽልኝም። ለትምህርት የደረሰች ከሆነች የማታ ትምህርት ጉዳይም ይታሰብበት።

ወደ መቶ ሺህ ብሩ እንምጣ።

በድምፅ ማጉያ ስም እየጠሩ ገንዘብ መሰብሰብን እኔ አልወደውም፤ ልማድ ሆነ ብዬም አላጸድቀውም። የደብር ሕንፃ መሠራቱን የሚጠላ ክርስቲያን የለም። የወሎ ገበሬ ድንጋይና እንጨት በትከሻው ተሸክሞ፣ በጅጌ ተጠራርቶ ነው ቤተ ክርስቲያኑን ያቆመው፤ ያ መስጠት ነው። ሰው መካከል የአንዲትን ሴት ስም ጠርቶ፣ እስክትናገር ድረስ ዓይንን እሷ ላይ ተክሎ መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ያን ዕለት ከአፍሽ ቁጥሩን ያወጣው ይሉኝታ ነው። መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣውን ሕዝብ አይተሽ ከሆነ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስለቷን ጥላ ማንም ሳያያት የምትወርድ አሮጊት አትጠፋም። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክት ምዕራፍ 9 እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይሁን ይላል። አንቺ ያን ዕለት አሰብሽ? አላሰብሽም፤ ጊዜም አልተሰጠሽም። ከዚያ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 8 ደግሞ ሰው የሚመዘነው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ከተናገረ በኋላ፣ ይህን የምለው ሌላው እንዲያርፍና እናንተ እንድትጨነቁ አይደለም ብሎ ያክላል። መስጠት እስኪያም ነው የሚሉ ሰባክያን ይህን ቁጥር ሲያነቡት ሰምቼ አላውቅም።

እሺ፣ ቃሉስ? ቃል ወጥቷል፤ ሰውም ሰምቷል። እንዳልተናገርሽ አድርገሽ ዝም በዪ አልልሽም። መክብብ ምዕራፍ 5 ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል ይላል። ስለትና በሰው ፊት የተነገረ ቃል አንድ መሆን አለመሆናቸውን ግን የሚፈታልሽ የንስሐ አባትሽ ነው። ወደ እሳቸው ሂጂና እንደ ሆነው ንገሪያቸው፤ ይሉኝታው እንደያዘሽ፣ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ገንዘቡ ምን ያህል እንደሆነ። ከዚያ ከእሳቸው ጋር ወደ ሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ሄደሽ፣ «የተናገርኩት ከአቅሜ በላይ ነው፤ አሁን ይህን ያህል አለኝ፤ ቀሪውን የስፌት ሥራዬ ሲቆም ባለኝ መጠን እሰጣለሁ» በዪ። ለሰጠሽው ሁሉ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበዪ። ደረሰኝ መጠየቅ እምነት ማነስ የሚመስላቸው አሉ። ጳውሎስ ራሱ የምእመናንን መዋጮ ወደ ኢየሩሳሌም ሲልክ ብቻውን አልያዘውም። አብያተ ክርስቲያናት ከመረጡት ወንድም ጋር ላከው፤ ምክንያቱንም ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን ብሎ ጻፈው።

«እንዲህ ብል ሰው ምን ይለኛል?» ማለትሽ አይቀርም። አንድ ሁለት ሳምንት ያወራሉ። የጣሪያው ውኃ ግን በየክረምቱ ይመጣል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ ፈሪሳውያንን የወቀሰበት አንድ ነገር አለ። ልጅ ለአባትና ለእናቱ ሊያደርገው የሚገባውን ገንዘብ «ይህ ቁርባን ነው፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» ብሎ ከወላጆቹ ይከለክል ነበር፤ ሕግ ዐዋቂዎቹም ደግ አደረግህ ይሉት ነበር። ጌታ ግን በወጋችሁ የእግዚአብሔርን ቃል ሻራችሁ አላቸው። ከጥንት አባቶች ደግሞ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም በዚሁ ጉዳይ ላይ ሕዝቡን አጥብቆ ገሥጿል። የክርስቶስ ማዕድ በወርቅ ጽዋ ተሞልቶ ክርስቶስ ራሱ በተራበው ሰው አካል ቢራብ ምን ይረባል፤ አስቀድመህ የተራበውን አብላ፣ ከተረፈህ ማዕዱን አስጊጥ፤ የነገሩ ጭብጥ ይህ ነው። አፈወርቅ የቤተ ክርስቲያን ጠላት አልነበረም፤ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ የተሾመ ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቆርቆሮው ይገዛ። ግንቦት ሳያልቅ አናጺ ጥሪና ጣሪያውን አስፈትሺ፤ የበሰበሰ ወራጅ ካለ አብሮ ይቀየር፤ ቆርቆሮ ብቻ ቀይረሽ እንጨቱን ከተውሽው ለሁለተኛ ጊዜ ትከፍያለሽ።

ስለ እናትሽ ምክር ደግሞ እንነጋገር። «ደብቂ» ማለታቸውን እንደ ስስት አትቁጠሪባቸው። ዕድሜሽን ሳሰላው እናትሽ በ1966ቱ ረሀብ ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ በ1977 ደግሞ ወጣት። የመጀመሪያው ሲመጣ የወሎ ሕዝብ በየመንገዱ ሲረግፍ የዘውዱ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖት ነበር። በሁለተኛው ደግሞ ዓለም ስለ እኛ የሰማው በኮረም ካምፕ በኩል ነው። ያን ያየ ሰው ከጎታው ሥር አንድ ቁና እህል ለክፉ ቀን ቢያስቀር የሚፈርድበት አንጀት የለኝም። ወሎ እንግዳ ተቀባይ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ያው ወሎ የጎታውን ልክ ለእንግዳ አይናገርም። ሁለቱም ከአንድ ታሪክ የመጡ ናቸው።

ማስቀመጥ ኃጢአት ነው ወይ ላልሽው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ጎተራ የሠሩ ሁለት ሰዎችን አስታውሺ። አንዱ ዮሴፍ ነው። በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የግብፅን እህል አምስተኛ እጅ እየሰበሰበ አከማቸ፤ ረሀቡ ሲመጣ ጎተራውን ከፍቶ ግብፃውያኑንም ከከነዓን የወረዱትን ወንድሞቹንም መገበ። ሌላው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለው ባለጠጋ ነው። ጎተራዬን አፍርሼ ሌላ የሚበልጥ እሠራለሁ አለ፤ በዚያችው ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ። ባለጠጋው የተናገረውን መልሰሽ አንብቢው። ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ ይላል፤ ሌላ ሰው በንግግሩ ውስጥ አንድም የለም። ሚስት የለችም፣ ጎረቤት የለም፣ የሚያማክረው እንኳ ራሱን ነው። ዮሴፍ ያከማቸው እህል ከእሱ ይበልጥ ነበር፤ የሚከፈትበት ቀን ግን ከመጀመሪያው ታስቦለታል። አንቺም ለስፌት ቤት፣ ለእናትሽ መታከሚያና ለክፉ ቀን ማስቀመጥሽ የሚያሳፍር አይደለም። ያን ገንዘብ ያጠራቀምሽው በሰው ኩሽና ቆመሽ ነው። ሐናንያ መሬቱን ሸጦ በዋሸ ጊዜ ጴጥሮስ ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን፣ ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን ብሎ ነው የጠየቀው። ሐዋርያው እንኳ የሰውየውን ገንዘብ የእኔ ነው አላለም።

ግን በር መዝጋቱን እፈራልሻለሁ። ክፉ ቀን ቢመጣ ከባንክ ደብተርሽ በፊት የሚደርስልሽ ሰው ማን እንደሆነ እናትሽ ያውቃሉ። በ2014 ዓ.ም. ደሴ ጦርነት ውስጥ ሳለች ገንዘብ ነበረሽ፤ ባንክ ግን ዝግ ነበር። ሪያድ ሆነሽ የላክሽው ብር አንዲት ቁራሽ ዳቦ አልሆነም። እናትሽን ያቆየው የጎረቤት ዱቄት ነው። ያቺ እናት የራሷ ቤተሰብ እያላት፣ መንገዱ መቼ እንደሚከፈት ሳታውቅ ነው ከጎታዋ የዘገነችው። የወሎ ሰው ስለሆንሽ ሙስሊምና ክርስቲያን እንዴት እንደሚኖር እኔ አልነግርሽም፤ ቅሬውም (ዕድሩም) ሰርጉም ለቅሶውም አንድ ነው። ጌታ «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የመረጠው ምሳሌ ግን ደግመሽ ብታነቢው ደስ ይለኛል። ካህኑና ሌዋዊው አልፈው ሄዱ፤ ቁስለኛውን ያነሣው በአይሁድ ዘንድ ሃይማኖቱ የማይወደደው ሳምራዊ ነው።

እዚያው ምሳሌ ውስጥ ለአንቺ የሚጠቅም ሌላም አለ። ሳምራዊው ቁስሉን አሠረ፣ በራሱ አህያ ላይ ጫነው፣ እንግዳ ማደሪያ አደረሰው፣ ለባለቤቱ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ቢጎድል ስመለስ እከፍልሃለሁ አለ። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። የራሱን ጉዳይ አልተወም፣ ነጋዴ ከነበረም ንግዱን አልሸጠም፤ የሚችለውን ለክቶ ሰጥቶ ሄደ። ማንም ሳምራዊውን ጨካኝ አላለውም።

ወደዚያች ጎረቤታችሁ ቤት ስትሄጂ ፖስታ ይዘሽ አትሂጂ፤ ትቀየማለች። ቡና፣ ስኳርና ጥሩ ዕጣን ይዘሽ ሂጂ፤ ሦስቱን እስክትጨርሺም አትነሺ። ስለ ዱቄቱ አመስግኚያት። ከጨዋታው ውስጥ የሚያስፈልጋት ነገር ካለ ይወጣል፤ የልጇ መድኃኒት ሊሆን ይችላል፣ የተሰበረ በር ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሳታስወሪ አድርጊላት። ያልጠየቀሽን ሰው ፈልጎ መስጠት የሚጠይቁሽን የመጥላት በሽታ ያድናል፤ ለእኔ የታየኝ መድኃኒት ይህ ነው።

ወንድምሽን በአጭሩ ልለፈው። ባጃጅ ሥራ ነው፤ ነውር የለበትም። ግን ስጦታ ነው ወይስ ብድር? እሱ አንዱን፣ አንቺ ሌላውን እያሰባችሁ ገንዘቡ ከወጣ ወንድምም ባጃጅም ታጫለሽ። ስጦታ ከሆነ የምትችይውን ያህል ስጭውና ደግመሽ አታንሺው። ብድር ከሆነ በወረቀት፣ በሁለት ሽማግሌ ፊት፣ በየወሩ ስንት እንደሚመልስ ተጽፎ ይሁን። እሱም ዕቁብ ገብቶ ግማሹን እንዲያዋጣ ብትጠይቂው ክፋት አይደለም፤ የራሱ ላብ ያለበትን መኪና ሰው ዘይቱን ሳያይ አይነዳም። እንቢ ማለት ካለብሽም ዛሬ በዪው። ነገ ከነገ ወዲያ እያሉ ማመላለስ ይብሳል።

«ለሚለምንህ ስጥ» የሚለውን ጥቅስ ይዘሽ ነበር የመጣሽው። ከጌታ ቃል ላይ ቀንሼ ላስተምርሽ አልደፍርም። ነገር ግን ጌታ ራሱ የተጠየቀውን ሁሉ እንደተጠየቀ አላደረገም። «ወንድሜ ርስቱን ያካፍለኝ ዘንድ ንገርልኝ» ላለው ሰው አካፋይ አድርጎ ማን ሾመኝ ብሎታል። ጴጥሮስም በመቅደሱ በር ምጽዋት የለመነውን ሽባ ብርና ወርቅ የለኝም አለው፤ ያለውን ግን ሰጠውና ሰውየው በእግሩ ተነሥቶ ሄደ። የለመነው ሳንቲም ነበር። መስጠት ማለት የጠየቁሽን ነገር በጠየቁሽ ልክ ማድረግ ብቻ እንዳይመስልሽ።

ለአፈጻጸሙ ደግሞ ጳውሎስ ጥሩ ዘዴ ነግሮናል። በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 16 እያንዳንዱ በሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን እንደ ቀናው መጠን አስቀርቶ በቤቱ ያስቀምጥ ይላል። ይህን ያለበት ምክንያት እሱ ሲመጣ ግርግር እንዳይኖር ነው። ልብ በዪ፤ ያ መዋጮ በይሁዳ ለሚኖሩ ችግረኞች የሚሄድ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 እንደምናነበው በቀላውዴዎስ ዘመን ረሀብ ሆኖ የአንጾኪያ ምእመናን እያንዳንዳቸው እንደ ችሎታቸው አዋጥተው ለይሁዳ ወንድሞች ልከው ነበር። አዲስ ኪዳን ስለ መስጠት በሰፊው የሚናገርባቸው ቦታዎች እንዲህ በችግር ጊዜ የተጻፉ ናቸው። ለዚህ ይሆናል ለወሎ ሰው ሲነበቡለት ሩቅ የማይሆኑበት። ስለዚህ የስፌት ሥራሽ ሲጀምር አሥራትሽን ከገቢው አውጪ። ከዚያ ውጭ ለዘመድ፣ ለማኅበር፣ ለታመመ፣ ለለቅሶ የምትሰጪውን ለብቻው በሌላ የባንክ ደብተር አስቀምጪ። መጠኑን አንቺ ወስኚ፤ ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ሰው ሲመጣ ከዚያ ትሰጫለሽ። ሲያልቅ «ለዘንድሮ ያሰብኩት አልቋል» ትያለሽ፤ እውነትም ስለሆነ ፊትሽ አይቀላም። በሌላ በኩል ያ ደብተር ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ከቆየ ያን ጊዜ ስለ ስስት ደብዳቤ ጻፊልኝ።

የመጨረሻውን የአክስትሽን ልጅ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም።

ለደላላው አትክፈዪ። ግማሹንም፣ ሩቡንም አትስጪ። አክስትሽ ቢያለቅሱም፣ ከዘመድ ቢያስጠሉሽም አትስጪ። በጅቡቲ ወጥቶ ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግሮ በየመን አድርጎ ሳዑዲ የሚባለው መንገድ የወሎን ወጣት ምን እንዳደረገ ከእኔ ይልቅ የአንቺ ሰፈር ያውቀዋል። ደላላው ዛሬ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ክፍያ ነው። ሁለተኛው ልጁ በአጋቾች እጅ ገብቶ በስልክ ሲጮህ ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ በሬ ይሸጣል፣ መሬት በኮንትራት ይያዛል። አንቺ በአውሮፕላን ሄደሽ የተመለስሽ ሴት ስለሆንሽ «ለራሷ ሄዳ እኛን ትከለክላለች» ይሉሻል። ይበሉ። ያየሽውን ግን ንገሪው። ሪያድ ውስጥ ያለ ወረቀት የገቡትን ወንዶች ልጆች አይተሽ ከሆነ፣ ሲያዙ የት እንደሚታሰሩ ሰምተሽ ከሆነ፣ እናቱ በሌሉበት ለብቻው አስቀምጠሽ ሳትሸፋፍኚ ንገሪው።

ባዶ እጁንም አትስደጂው። ለደላላው ልትሰጪ ከነበረው ያነሰው ገንዘብ ለአንድ የሙያ ሥልጠና ይበቃ ይሆናል። ደሴ ወይዘሮ ስኂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ኮምቦልቻም እንዲሁ። ብየዳ ይሁን፣ ኤሌክትሪክ ይሁን፣ የትኛው እንደሚስማማው እሱ ይምረጥ፤ የመመዝገቢያውንና የመሣሪያውን አንቺ ክፈዪ፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለኮሌጁና ለሱቁ ይከፈል። ውጭ መሄዱ የግድ ከሆነም በመንግሥት በኩል ያለውን ሕጋዊ መንገድ አብረሽው ጠይቂለት። እነዚህን ሁሉ እምቢ ካለ አዋቂ ሰው ነው፤ አታስሪው ይሆናል፤ ገንዘብሽ ግን አብሮት አይሂድ።

የአክስትሽ ልጅ መቼ እንደሚሄድ ደብዳቤሽ አይናገርም። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ፣ ቆርቆሮውንም ሰበካ ጉባኤውንም፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አድርጊውና ልጁን ዛሬ ማታ ጥሪው።